ስልሳ አራት ገዢዎች፣ አንድ ነገረ ፈጅ

ጥያቄ፦ «መምህርት ነኝ። ሰኔ 2009 ላይ ከአያት ወዲያ፣ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው ክፍለ ከተማ ጫፍ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ከአንድ ሪል እስቴት ገዛሁ። ውሉ በ30 ወር ያስረክባል ይላል፤ ታኅሣሥ 2012 ማለት ነው። እስካሁን 1.8 ሚሊዮን ብር ከፍያለሁ። ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል። 64 ገዢዎች ነን። ስድስት ሰዎች ለየብቻ ከሰሱ፤ ሦስቱ ታርቀው አሁን ስልክም አያነሱልንም፣ ሁለቱ ተሸነፉ፣ አንዱ ይግባኝ ላይ ነው። በስድስቱም መዝገብ ለድርጅቱ የቆመው ጠበቃ አንድ ሰው ነው። አሁን ድርጅቱ እኔን ጠርቶ 2.4 ሚሊዮን ብር ውሰጂና ፈርሚ አለኝ፤ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ተሰባስበን እንክሰስ ይላሉ። ሁልጊዜ እነሱ የሚያሸንፉት ለምንድን ነው? ልፈርም ወይስ ልክሰስ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ዓርብ ዕለት አይፈርሙ። ዓርብ የእነሱ ቀጠሮ እንጂ የሕግ ቀነ ገደብ አይደለም። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት በመርህ ደረጃ በ10 ዓመት ነው የሚታገደው፣ ይህም ይርጋ ይባላል፤ የእርስዎ ጊዜ ደግሞ መቆጠር የጀመረው ቤቱን ማስረከብ ከነበረባቸው ቀን ነው። ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ አለዎት፤ የሚያጣድፉዎት እነሱ ናቸው። ለምን እንደሚያጣድፉ ከገባዎት የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግማሹ ተመለሰ ማለት ነው።

እኔ ዛሬ ለገዢዎች ነው የምቆመው። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት የአንድ ቤት አልሚ ነገረ ፈጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ የምነግርዎት በወዲያኛው ጠረጴዛ ያየሁትን ነው። ቢሯችን ውስጥ አንድ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ነበር። በግራ በኩል የከሳሹ ስም፣ ቀጥሎ የከፈለው ገንዘብ፣ ቀጥሎ ጉዳዩን የያዘው ችሎት፣ ቀጥሎ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይጻፋል። የመጨረሻው ዓምድ በእርሳስ ነበር የሚሞላው፤ «ይታረቅ» ወይም «ይቀጥል» ይላል። በእርሳስ የሆነው ስለሚለዋወጥ ነው። አንድ ሰው ክፍያውን በጊዜው የከፈለ፣ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ የሰጠ፣ ደረሰኙ የተሟላ ከሆነ ስሙ አጠገብ «ይታረቅ» ይጻፋል። ሁለት ዙር ክፍያ ያሳለፈ ወይም ማስጠንቀቂያ ያልሰጠ ከሆነ «ይቀጥል» ይባላል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ሁለቱ ጎረቤቶችዎ ለምን እንደተሸነፉ እኔ መዝገባቸውን ሳላይ መናገር አልችልም፤ እርስዎ ግን መጠየቅ ይችላሉ። ከፍለው ጨርሰው ነበር? ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ «አይ» ነው። ጠንካራው ጉዳይ በእርቅ ከችሎት ይወጣል፣ ደካማው እስከ ፍርድ ይሄዳል። ከዚያ ሰፈሩ ውስጥ የሚወራው ፍርድ የተሰጠበት ብቻ ስለሆነ «እነሱን ማን ያሸንፋል» ይባላል። የታረቁት ሦስቱ ስልክ የማያነሱትም ጠልተዋችሁ አይመስለኝም። በእርቅ ውላቸው ላይ ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ የሚከለክል አንቀጽ ሳይኖር አይቀርም። እኔም እንዲህ ያለ አንቀጽ ጽፌያለሁ።

ይህን ነገር በሥርዓት ካጠኑት መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ማርክ ጋላንተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ ተከራካሪዎችን በሁለት ከፈላቸው፤ በሕይወቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰውና ተመሳሳይ ክርክር ደጋግሞ የሚያካሂድ ድርጅት። ዋናው ሐሳቡ ዳኛው ፍጹም ገለልተኛ ቢሆን፣ ሕጉም ለሁለቱ እኩል ቢሆን እንኳ ደጋግሞ የሚከራከረው ብልጫ ይኖረዋል የሚል ነው። ይህን የማነሳው ብዙ ደንበኞቼ ሲሸነፉ «ዳኛው ተገዝቷል» ስለሚሉኝ ነው። ይህ ስሜት ይገባኛል፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ምክንያት እንዳያዩ ያደርጋቸዋል። ድርጅቱ የሚያሸንፈው ስልሳ አራቱን ጉዳይ እንደ አንድ ጉዳይ ስለሚጫወት ነው። እናንተ ደግሞ አንዱን ጉዳይ ስልሳ አራት ቦታ ቆርሳችሁ ትጫወታላችሁ።

የመጀመሪያው ብልጫ ክስ ከመነሳቱ በፊት፣ ውሉ ሲጻፍ ነው የሚገኘው። ውልዎን ያውጡና «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1794 መሠረት ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደዱ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ አይደለም፤ ተዋዋዮቹ በግልጽ ሌላ ካልተስማሙ በስተቀር። «በግልጽ ሌላ ካልተስማሙ» የሚለውን ነው ነገረ ፈጁ የሚፈልገው። አንድ ገዢ ከሶ ሲሚንቶ ተወደደ የሚለው መከላከያ ውድቅ ሲደረግ፣ በሚቀጥለው ወር የሚታተመው የውል ቅጽ ላይ «የሲሚንቶና የብረት ዋጋ መናር፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት» የሚሉ ቃላት ይጨመራሉ። አንድ ክስ ቢሸነፉ ለሚቀጥሉት መቶ ውሎች ተምረውበታል። ገዢው ግን ከሽንፈቱ የሚማረው ሌላ ቤት አይገዛበትም። ውልዎ ከ2009 ስለሆነ፣ በኋላ ከፈረሙት ጎረቤቶችዎ ውል ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ልዩነት ካገኙ ያ ልዩነት ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

ሁለተኛው ወጪ ነው። በሒሳብ መዝገቡ አጠገብ አንድ የመከላከያ መልስ ቅጽ ነበረን፤ ስምና የብር መጠን የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተጽፎ አልቋል። ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት የሚነሳው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ የሕግ ክርክሩ፣ የማስረጃ ዝርዝሩ ሁሉ ተዘጋጅቷል። አዲስ ክስ ሲመጣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እርስዎ ደግሞ የዳኝነት ይከፍላሉ፣ ጠበቃ ይይዛሉ፣ ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቀው ከሰፈርዎ ጠዋት በሁለት ታክሲ ልደታ ፍርድ ቤት ይደርሳሉ፣ ኮሪደር ላይ ቆመው «ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቀጠሮ ተለውጧል» ተብለው ይመለሳሉ። ድሮ በላ ልበልሃ በነበረበት ዘመን አንደበተ ርቱዕ የሆነ ገበሬ ባለርስቱን በአደባባይ ሊረታ ይችል ነበር ይባላል። አሁን የሚረታው ለመመላለስ የማይደክመው ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ሕጉ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር ለዘገየ ገንዘብ የሚያስከፍለው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው (ቁጥር 1751 እና 1803)። ባንክ ለአልሚ ከሚያበድርበት ወለድ ያነሰ ነው። ስለዚህ የእርስዎ 1.8 ሚሊዮን ብር በድርጅቱ እጅ በቆየ ቁጥር ርካሽ ብድር ሆኖ ያገለግላል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ተቀይሮ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሲወጣ የብሩ ዋጋ ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ የሕጉ ወለድ ግን ያው 9 በመቶ ነው። ይግባኝ፣ ከዚያ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ሰበር፣ ከዚያ ፍርዱን የማስፈጸም ክርክር (አፈጻጸም) ሲባል፣ የሚዘገየው ሰው የሚያጣው የለም። እርስዎ ግን በየወሩ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ።

አሁን የቀረበልዎትን ገንዘብ በዚሁ ሕግ እንመዝነው። 1.8 ሚሊዮን ብር በዓመት 9 በመቶ 162,000 ብር ነው። ወለዱ ከመቼ ይቆጠር የሚለው ራሱ ያከራክራል፤ እኛ ለስሌት ያህል ከታኅሣሥ 2012 እንጀምር። እስከ ታኅሣሥ 2018 ስድስት ዓመት ነው፤ 972,000 ብር ይሆናል። ከዋናው ጋር 2,772,000 ብር። በልግስና የቀረበ የሚመስለው 2.4 ሚሊዮን ብር ከተራው የሕግ ወለድ በ372,000 ብር ያንሳል ማለት ነው። በውሉ ላይ የመዘግየት መቀጫ ካለ እሱ ገና አልተደመረም። በዚያው ሰፈር ዛሬ በ2.4 ሚሊዮን ብር ምን እንደሚገዛ ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቃሉ።

አራተኛው ብልጫ ከሁሉም የረቀቀ ነው። ድርጅቱ የሚከራከረው ለእርስዎ ብር ብቻ ሳይሆን ለሕጉ ትርጉም ጭምር ነው። ጎረቤቶችዎ ላይ የተሰጡት ሁለት ፍርዶች እርስዎን አያስሩዎትም፤ ተከራካሪ አልነበሩም። ሰበር ላይ ግን ሌላ ነው። ከ1997 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚከራከር ድርጅት የትኛው መዝገብ ሰበር እንደሚደርስ ይመርጣል። ለገዢዎች የሚጠቅም ትርጉም ሊወጣበት የሚችል መዝገብ ሲመጣ፣ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ ይታረቅና ትርጉሙ ሳይሰጥ ይቀራል። የሚመቸው መዝገብ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። አንድ ብቻውን የሚከራከር ገዢ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጥሩ ገንዘብ ሲቀርብለት መውሰዱም ጥፋት አይደለም፣ ልጆች ያሳድጋል። ብራዚሎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለሚደጋገሙ ክሶች ልዩ መንገድ አበጅተዋል። ፍርድ ቤቱ ከብዙ ተመሳሳይ መዝገቦች ናሙና ወስዶ አንድ የሕግ መልስ ይሰጥና ለሌሎቹ ሁሉ ይሠራበታል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ያም ሆኖ የብራዚል ሕግ ባለሙያዎች ያነሱት ስጋት ለእኛም ትምህርት ነው። ናሙና የሚሆነውን መዝገብ ማን መረጠው የሚለው ጥያቄ ውጤቱን አስቀድሞ ሊወስነው ይችላል።

ሕጉን ራሱን መለወጥ የሚችሉትም ብዙውን ጊዜ ደጋግመው የሚከራከሩት ናቸው። ባንኮቻችንን ይመልከቱ። ተራ ሰው የሰጠውን ብድር ለማስመለስ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ባንክ ግን ከአዋጅ ቁጥር 97/1990 ወዲህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ የሚለው ቁጥር 1723 ጥያቄ ሲያስነሳ፣ በ2001 አዋጅ ቁጥር 639 ወጥቶ የባንክ መያዣ ውል ከዚህ ግዴታ ነፃ ሆነ። ባንኮች የራሳቸው በቂ ምክንያት አላቸው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ማሳየት የፈለግሁት፣ በየቀኑ ከአንድ የሕግ አንቀጽ ጋር የሚጋጭ ወገን አንቀጹ የት እንደሚጎዳ በትክክል ያውቃል፣ አቤት የሚልበትንም በር ያውቃል። እርስዎ ቁጥር 1794 መኖሩን ያወቁት ምናልባት ዛሬ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫዎ። መጀመሪያ ለራስዎ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፤ የሚፈልጉት ቤቱን ነው ወይስ ገንዘቡን? ሕጉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ውሉ እንዲፈጸም መጠየቅ ይቻላል፣ ወይም ውሉ ፈርሶ ገንዘብና ኪሣራ መጠየቅ ይቻላል። በአንድ ክስ ውስጥ ግን የሁለቱን ፈላጊዎች መደባለቅ ችግር ይፈጥራል። በስድሳ አራታችሁ መካከል ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ኮሚቴ ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ለዩ። በእኔ ልምድ፣ ይህን ሳይለዩ የጀመሩ ማኅበሮች ድርጅቱ አንዱን ወገን ገንዘብ ሲያሳየው ከመሃል ይሰነጠቃሉ።

በአንድነት መክሰስ የሚቻልበት ሁለት መንገድ አለ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት መብታቸው ከአንድ ወይም ተያያዥ ከሆነ ተግባር የመነጨ፣ የጋራ የሕግ ወይም የፍሬ ነገር ጥያቄ ያላቸው ሰዎች በአንድ ክስ አብረው ከሳሽ ይሆናሉ። በቁጥር 38 ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በአንድ ወይም በጥቂት ሰዎች ሊወከሉ ይችላሉ፣ ሁሉም በውክልናው መስማማታቸው ለፍርድ ቤቱ ከተረጋገጠ። ሁለተኛው ሲታይ ይቀላል፤ ስድሳ አራት ሰው ልደታ መመላለስ የለበትም። ግን ተጠንቀቁ፤ ወኪሎቹ ከተሸነፉ የተወከለው ሁሉ ተሸነፈ ማለት ነው፣ ተመልሶ መክሰስ አይቻልም። እኔ ለእናንተ የምመርጠው ቁጥር 35ን ነው፤ ያውም ስድሳ አራታችሁን ሳይሆን ክፍያቸውን በጊዜው የከፈሉ፣ የውል ቅጻቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ የሚጠይቁት ዳኝነት አንድ የሆነ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሰዎች ይቅደሙ። ክፍያ ያሳለፉት ጎረቤቶች ይጠብቁ። ይህ ለእነሱ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ እኔም ስብሰባ ላይ ስናገረው ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ነገር ግን ደካማው መዝገብ ከቀደመ ለሁሉም ነው የሚጎዳው። ጠንካራዎቹ ካሸነፉ የእነሱም ድርድር ዋጋ ይጨምራል። ይህን ማድረግ ማለት በእርሳስ የሚሞላውን ዓምድ ከእነሱ እጅ መውሰድ ማለት ነው።

የተለያዩ ክሶች ቀርበው ከሆነም በቁጥር 11 መሠረት መዝገቦቹ እንዲጣመሩ ማመልከት ይቻላል። በይግባኝ ላይ ያለውን ጎረቤት ብቻውን አትተዉት፤ ጠበቃው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተከራከረ እወቁ፣ የፍርዱን ግልባጭ አውጡ። ሰበር ለመሄድ ከተፈለገ ጊዜው ፍርዱ ከተሰጠ 90 ቀን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ይህ ቀን እንደ ዘበት ያልፋል።

ሌላው፣ ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ መኖሩን ይመልከቱ። ካለ ክሱ ፍርድ ቤት ቢቀርብም እንደ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይነሳበታል። የግልግል ወጪው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለሃያ ሰው ተከፋፍሎ ግን ይቻላል።

በጋራ ከምትሠሩት ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው መዝገብ መያዝ ነው። አንድ ሰው ቤት፣ አንድ ሳጥን፤ የሁሉም ሰው ውል ቅጂ፣ ደረሰኝ፣ ከድርጅቱ የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ፣ ሳይቱ በየወሩ የተነሳ ፎቶ። እሁድ እሁድ እዚያ ሄዳችሁ የዛገውን ፌሮና ምድር ቤት ውስጥ የተኛውን ውሃ እያያችሁ እንደምትመለሱ ይገባኛል። ከእንግዲህ ስትሄዱ ቀኑን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ፣ ዘበኛውን ሠራተኛ ከመቼ ጀምሮ እንዳልገባ ጠይቁና ጻፉ። ድርጅቱ ሥራ ላይ ነን የሚል ደብዳቤ ሲጽፍላችሁም አትናደዱ፤ አስቀምጡት። ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ በቁጥር 1851 መሠረት የይርጋውን ቆጠራ ያቋርጠዋል። በስልክ መደራደር ግን አያቋርጠውም።

በመጨረሻ ስለ እርቁ። እርቅ መጥፎ ነው አላልኩም። ከእናንተ መካከል ገንዘቡ ዛሬ የሚያስፈልገው፣ በሕመም ወይም በዕድሜ ምክንያት ሦስት ዓመት መጠበቅ የማይችል ሰው አለ፤ እሱ ቢታረቅ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። እርስዎም ሊታረቁ ይችላሉ፣ ግን በዚህ ዋጋና በዚህ መንገድ አይሁን። ዝምታዎ ለእነሱ ዋጋ አለው፤ ክፍያዎን በጊዜው ከከፈሉና ደረሰኝዎ ከተሟላ ከሃያዎቹ አንዷ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ዋጋ 2.4 ሚሊዮኑ ውስጥ አላየሁትም። ከታረቁ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከእርስዎ በኋላ ሌላ ገዢ የተሻለ ካገኘ ልዩነቱ ለእርስዎም እንዲከፈል፣ ምስጢር ይጠበቅ የሚለው አንቀጽ እንዲወጣ፣ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ ከቁጥር 274 ጀምሮ ባለው ሥርዓት በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ። ያልተመዘገበ እርቅ ካልተከበረ አዲስ ክስ ያስፈልገዋል፤ የተመዘገበው በቀጥታ አፈጻጸም ይጠየቅበታል።

ለዓርብ የሚሰጡት መልስ አጭር ደብዳቤ ይሁን። ሐሳባቸውን እያዩት መሆኑን፣ ቤቱ በውሉ መሠረት ታኅሣሥ 2012 መረከብ እንደነበረበት፣ ይህ ደብዳቤ ውሉን እንዲፈጽሙ በቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ መሆኑን፣ የቀረበው ገንዘብ በምን ስሌት እንደተገኘም በጽሑፍ እንዲገልጹ ይጻፉ። ሁለት ቅጂ ያድርጉ፤ አንዱን ገቢ ያድርጉና በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱበት። አንቀበልም ካሉ በሪኮመንዴ ፖስታ ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ቅዳሜ ያንን ቅጂ፣ ውልዎንና የክፍያ ደረሰኞችዎን ይዘው ከጎረቤቶችዎ ጋር ይቀመጡ፤ የታረቁት ሦስቱም ይጠሩ፣ ባይመጡም።